የዶቅማዋ አበልጅ

ክርር… ክርርር… ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ክርር።

ጭጋጉ ከሸለቆው ገና አልተነሣም ነበርና ከፊቴ የሚታይ ነገር አልነበረም። ድምፁ ግን ቅርብ ነው። መጀመሪያ አይጥ ጎታ የምትፍቅ መሰለኝ። ሜዳ ላይ ጎታ ከየት ይመጣል? ጥቂት ስጠጋ ገባኝ። ቅል ነው፤ ድንጋይ የሚፍቅ ቅል። የሰንበሌጥ ምንጭ ውኃ አልቆ፣ ሴቶቹ ከዐለቱ ሥር የተረፈችውን በቅል እየፋቁ የሚቀዱበት ወራት ደርሷል ማለት ነው።

«ማነህ? ሰው ከሆንህ ተናገር፤ ጅብ ከሆንህ መንገድህን ሂድ» አለ የሴት ድምፅ።

«ሰው ነኝ።»

«ጅብም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚለው።»

«የሽዋስ ነኝ፤ መምህሩ።»

«እንግዲያማ ከጅብ ትሻላለህ። ና፣ እለፍ።»

ዙፋን ነበረች፣ የአያ ቸኮለ ልጅ። ቤተሰቧ ከቡሬ ወዲያ ካለው የአገው አገር የመጡ ናቸው። እቤት አገውኛ፣ ደጅ አማርኛ ይናገራሉ። እኔ በማስተምርበት የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ፊደሉን ከሁሉ ቀድማ ለይታ ስታበቃ፣ እንዳልለየች ሆና ሌሎቹ እስኪደርሱ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። አሁን በጉልበቷ ተንበርክካ ከዐለቱ ሥር ትፍቃለች፤ ታናሽ እህቷ ስንዱ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች።

ጭጋጉ ገለል ሲል ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ታየ። ባለፈው ክረምት በዘመቻ የተከልናቸው ችግኞች ተራ በተራ እንደ ቆሙ ደርቀዋል።

«ችግኞችህ ደረቁ፣ መምህር።»

«ችግኞቻችን በይ እንጂ።»

«ሲለመልሙ የገበሬ ማኅበሩ፣ ሲደርቁ ያንተ ናቸው።»

«እስኪ ዛሬ እንኳ ለአንዷ አንድ ቅል አፍሽላት።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ የማላውቀው ነገር መኖሩ የገረማት መሰለች። «ዛሬ'ኮ ሚካኤል ነው።»

«ውኃ እየቀዳሽ አይደለም እንዴ?»

«ለሰው ነው። ለሰው መቅዳት ሥራ አይባልም። ተክል ማጠጣት እርሻ ነው፤ እርሻ በሚካኤል አይነካም።» ስንዱ ቀሚሷን ጎተተቻት። ዙፋን ቅሉን አዘንብላ አጠጣቻት፤ ያፈሰሰችውን ከአገጯ ጠረገችላት። «አየህ፣ ይቺ ሚካኤልም ይሁን ማርያም ይጠማታል። ልጅ በዓል አያውቅም።»

እንስራዋን አዝላ ሄደች። እኔ ግን እዚያው ዐለቱ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ሁለት ነገር አብረው ራሴ ውስጥ ገብተው ነበር፤ አንዱ ስለ ችግኞቹ የመጣልኝ ሐሳብ ነው፣ ሁለተኛው ያቺ የውኃ ጠብታ ከልጅ አገጭ ላይ የምትጠርግ እጅ ናት።

*

ፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀረ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብላ ወዳለች መንደር ተመደብሁ። ሰው አልቀርብም ነበር። ከክፍል ስወጣ ብቻዬን ወደ ምንጩ እወርድና እዚያ ቁጭ እላለሁ። መንደርተኛው «መምህሩ ዛሬም ውኃ ሊጠብቅ ወረደ» እያለ ይቀልድብኛል።

ዳገቱ ድሮ ጫካ ነበር። ያከራዩኝ እማማ ንግሥቴ ማታ ማታ ጥጥ እየፈተሉ ይነግሩኛል፤ ዋንዛው፣ ዝግባው፣ ዶቅማው፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው ጉሬዛ፣ ዶቅማ ሲበስል የሚመጣው የወፍ ዓይነት። የባላባቱ ነው ሲባል ይፈራ የነበረው ጫካ፣ ለውጥ የመጣ ሰሞን የሕዝብ ነው ተባለ፤ የሕዝብ ሲባል የማንም ሆነና ተመነጠረ። ምንጩም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እያነሰ መጣ። እኔ ያንን ጫካ አላየሁትም። ግን ናፈቀኝ። የማላውቀው ሰው ሞቶ ለቅሶ የተቀመጥሁ ያህል ነበር።

ስለዚህ ፊደሉ ሲያልቅ ዛፍ ማስተማር ጀመርሁ። ክፍላችን ከዳገቱ ግርጌ ብቻዋን በቀረችው ሾላ ሥር ነበር። የዋንዛ ፍሬ ልጋጉ እስኪለቅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የዶቅማ ፍሬ ሳይደርቅ ቶሎ መዘራት እንዳለበት፣ አፈሩ ከበሰለ ፍግ ጋር እንደሚደባለቅ፣ መደቡ በሣር ዳስ እንደሚጠለል አሳየሁ። ያልኳቸውን ሁሉ ያደርጉ ነበር። ችግሩ ከተተከለ በኋላ ነው። ዝናቡ ካቆመ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማጠጣት ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ኪዳነ ምሕረት አለች፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ወልድ፣ በመካከሉ ቅዳሜና እሑድ። አንዱ በዓል ለሌላው እያቀበለ ችግኙን ገደለው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ እጅጉ በበዓል ካልወጣችሁ ብለው ቢጮሁ፣ «ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር እናውላለን!» ብለው መፈክር ቢያሰሙ፣ ሰው እጁን አንሥቶ መፈክሩን ይመልስና ወደ ቤቱ ይገባል።

ከዚያ ሚካኤል በኋላ ባለው ክፍል ያሰብሁትን ነገርኳቸው።

«ችግኝ የሚያጠጣ አጣን እንጂ ልጅ የሚያጠጣ አላጣንም» አልሁ። «ዘንድሮ የምንተክለውን እንደ ልጅ እንያዘው። የተከለው ሰው ወላጁ ይሁን። ሌላ ሰው ደግሞ፣ ከቤተሰቡ ያልሆነ፣ ክርስትና ያንሣው። ወላጁ ቢታመም፣ መንገድ ቢሄድ፣ ክርስትና ያነሣው ያጠጣዋል። በዓል ቢሆንም ያጠጣዋል፤ የክርስትና ልጅን ማጠጣት ሥራ አይደለምና።»

ከዚያ እማማ ንግሥቴ ሻሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ጡትስ መቼ እናስጥለው?» አለ አያ ዳኘው።

«ቂጣ ሲለምድ ነዋ!» አለችው አንዷ።

ሳቁ መንደሩን አዳርሶ ሲያበቃ ሐሳቡ ግን አልሄደም። ያሳሰቡኝ የመንደሩ ቄስ አባ ቢሆነኝ ነበሩ። በማግሥቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ችግኝ መደቤ መጡ።

«ጥምቀት መጫወቻ ሆነ አሉ?»

«ውኃ ይጠጣሉ እንጂ አይጠመቁም፣ አባቴ።»

«ማዕተብ እንዳታስሩላቸው።»

«አናስርም።»

«ስም እንዳትሰጧቸው። ስም የእኔ ነው። ጸሎቱንም በማናችሁም አፍ ላይ እንዳላገኘው።»

«እሺ አባቴ። ውኃውስ? በበዓሉ?»

ወደ ደረቀው ዳገት ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። «የተጠማ ማጠጣት በየትኛው በዓል ተከለከለ?» አሉና ሊሄዱ ዞሩ። ጥቂት ራመድ ብለው ቆሙ። «ያቺ ወይራ ታስቀናለች። ለእኔ ትሁን።»

ጓድ እጅጉ ደግሞ በበኩላቸው ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ይኼ ክርስትና የምትሉት ነገር ለወረዳው ሪፖርት አይመችም፣ ጓድ የሽዋስ» አሉኝ። «ወረዳው የሚቆጥረው ችግኝ ነው፤ ባሕር ዛፍ ይሁን ዋንዛ አይጠይቀኝም። ግን ክርስትና…»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

«የኃላፊነት ክፍፍል።» ዞር ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ለእኔ የትኛውን ነው ያሰባችሁልኝ?»

*

ሐምሌ ላይ ተከልን። ደቦ ወጥቶ ነበር። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ። አንዱ ይተክላል፤ ሌላው ጠጋ ብሎ ግንዱን በእጁ ነካ ያደርግና «እኔ አነሣዋለሁ!» ይላል። እልል ይባላል። ያነሣ ሰው ሁሉ የራሱን ምልክት ያደረገበት ቅል በሾላዋ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል፤ ለመጪው በጋ ማጠጫው ያ ነው።

እኔ የተከልሁት መጨረሻ ላይ ነው። በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ያሳደግኳት ዶቅማ ነበረች፤ ቀጭን፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች። ጉድጓዷን ደፍኜ፣ ዙሪያዋን ሣር ጎዝጉዤ ቀና ስል የሚያነሣት አልነበረም። ሰው ሁሉ የየራሱን አንሥቷል። ጭቃ እጄን ይዤ ቆምሁ።

«እሷን እኔ አነሣታለሁ።»

ዙፋን ናት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ወንድ ቢሆንስ?» አልኳት፤ የወንድ ልጅ ክርስትና ሴት አታነሣምና።

«እኔ ካነሣኋት ሴት ናት» አለች፤ ጎንበስ ብላ ቅጠሏን በጣቷ ነካች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም መግለጽ አልችልም። ከዚያ ከጭጋጉ ጧት ጀምሮ አንድ ቀን ለዚህች ልጅ እናገራለሁ እያልሁ፣ ቃሉን ስመርጥና ስጥል ከርሜ ነበር። እሷ ራሷ ወደ እኔ መጣች ብዬ አሰብሁ። የእማማ ንግሥቴ እልልታ ነው ያነቃኝ።

«እልልልል! መምህርና ዙፋን፣ እንኳን አበልጅ ሆናችሁ! እንኳን ዘመድ አደረጋችሁ!»

«አበልጅ! አበልጅ!» አለ ሰው ሁሉ።

እጄ ላይ ያለው ጭቃ የደረቀ መሰለኝ። በእኛ አገር አበልጅና አበልጅ እንደ ወንድምና እህት ነው። እርስ በርስ አይጋቡም፤ የአንዱ ልጅም ለሌላው ልጅ አይሰጥም። ሌሊት ሌሊት ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ የከረምሁት ስለ ችግኞቹ ብቻ ነበር። ወላጅና ክርስትና አንሺ ከሆኑ በኋላ ሁለቱ ምን እንደሚባባሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም።

ዙፋንም ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ለአፍታ ቆመ። እሷም እንደ እኔ አላሰበችው ይሆን? ወዲያው ግን ቀና ብላ፣ «እንግዲህ ልጃችንን በደንብ ያዝ፣ አበልጄ» አለችኝና ቅሏን ልትሰቅል ሄደች።

*

ነገሩ እኔ ካሰብሁት በላይ ያዘ።

ዝናቡ ቆመ፤ ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳር ሚካኤል መጣ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነጠላውን እንዳጣፋ ወደ ሾላዋ ሄዶ ቅሉን ያወርዳል። ከምንጩ አንድ ቅል ይቀዳል፤ ከግንዱ ሥር በሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያንቆረቁራል። አፈሩ ሲጠጣ ቆሞ ያያል። አያ ዳኘው በድንበር ነገር ተጣልቶ ዓመት ሙሉ ሰላም ከማይለው ጎረቤቱ ጋር አበልጅ ወጥተው፣ በጥር ማርያም ከአንድ አገልግል ሲቆርሱ አየናቸው። ፍየል ዳገቱን ቢረግጥ መንደሩ በሙሉ «ልጄን! ልጄን!» እያለ ይወጣል። ዋንዛዎቹ ቅጠላቸውን አሰፉ፤ ከሥራቸው ያልዘራነው ሣርና ቀጋ በራሱ ጊዜ በቀለ። አንድ ጧት በብሳናዎቹ መካከል ስሟን የማላውቃት ትንሽ ወፍ ጎጆ ስትሠራ አገኘሁ። ለማንም ሳልናገር ቀኑን ሙሉ ያንን ይዤ ዋልሁ።

ከግሽ ዓባይ በኩል መጥታ ወንድሟ ዘንድ የተጠጋች እናኑ የምትባል ባልቴት ነበረች። ከተከላው በኋላ ስለመጣች ልጅ አልደረሳትም። በየበዓሉ ከዳገቱ ሥር ትቀመጥና፣ «ለእኔ የሚሆን አንድ እንኳ ጠፋ? የሙት ልጅ የለባችሁም?» እያለች ትቀናለች፤ ታስቃለች።

ዙፋን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው። ከዶቅማዋ አጠገብ ቁጢጥ ትልና፣ ውኃውን እያንቆረቆረች በአገውኛ ታወራታለች። እኔ ጥቂት ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ቃሉን አላውቀውም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ስንዱን ከአገጯ ላይ ውኃ ስትጠርግላት የነበረው ዓይነት ድምፅ ነው።

«ምን አልሻት?» እላለሁ።

«የእናትና የልጅ ነው።»

«አባቷ አይደለሁም እንዴ?»

«አባት አማርኛውን ያስተምር፣ አበልጄ።»

በዚያች ቃል ላይ ስንት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁ!

በየካቲት ለብሔራዊ ውትድርና ከመንደራችን ልጅ ተወሰደ፤ እንዳለው ይባላል። ክርስትና ያነሣው የእማማ ንግሥቴን ዝግባ ነበር። ጓዙን ይዞ ወደ ዳገቱ ወጣና አጠጣ፤ ከዚያ ቅሉን ለጓደኛው ለደረሰ ሰጠው። «አደራ» አለው ብቻ። ሁለቱም ወዴት እንደሚያዩ ጨነቃቸው።

እማማ ንግሥቴ እንባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲህ አበልጅነት ከቅሉ ጋር ነው የሚሄደው» አሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «ከዛሬ ወዲያ አበልጄ ደረሰ ነው። አንተ፣ እንዳለው፣ አበልጄ አይደለህም። ብቻ በጤና ተመለስልኝና ልጄ ትሆናለህ፤ ሴት ልጄንም ብትጠይቀኝ አልከለክልህ!»

ሰው በእንባው መካከል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ለእኔ የሚሆን ነገር የተነገረ አልመሰለኝም። ቅሉን የሚያስረክብ አገር የሚለቅ ሰው ነው፤ እንደዚያ ነበር ሁላችንም የያዝነው።

*

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አያ ቸኮለ ወደ ችግኝ መደቤ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና መደቡን አመሰገኑ፤ አየሩን አማረሩ፤ ወደ ነገራቸው ለመድረስ ብዙ ዞሩ።

«እንግዲህ አበልጃችን ነህ፤ ዘመድ ነህና ላማክርህ። ኸቡሬ ሽማግሌ መጥቶብኛል፣ ለዙፋን። ሰዎቹ ደኅና ናቸው። ልጁ እህል ይነግዳል። ለዳግማ ትንሣኤ ማግሥት መልስ ብዬ ቀጥሬያቸዋለሁ። ምን ትላለህ?»

አፈር የሞላ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ። «እሷስ ምን አለች፣ አያ ቸኮለ?»

«እሷማ ዝም አለች። ዝም ስትል እናቷን ናት፤ እሺ ይሁን እምቢ አይታወቅላትም።» በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ወንድም የላትም እኮ። የዚያን ቀን አንተ ና፤ ከጎኔ ተቀመጥ። ያምርልኛል።»

«እሺ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሳቸው ሲሄዱ በቀጥታ ወደ አባ ቢሆነኝ ሮጥሁ። ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። የሆዴን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዳዊታቸውን ዘግተው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ እናንተ ምንም አይደላችሁም። ጥምቀት ሳይኖር አበልጅ የለም። ብትፈልግ የፊታችን እሑድ በዐውደ ምሕረት ልናገርልህ፤ ጨዋታ ነው፣ ዝምድና የለውም ብዬ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከደጃቸው ዳገቱ ይታያል። በዓል ነበር፤ ገብርኤል ይመስለኛል። ሰዎች ቅላቸውን ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ ነጠላቸው እንደ ነጭ ወፍ ይታያል። ጨዋታ ነው ከተባለ ነገ ማን በበዓል ቅል ያነሣል? ዝናቡ ገና ነው፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳገቱ እንደ አምናው ይሆናል። ያቺ ወፍ እንኳ ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች።

አባም ወዴት እንደምመለከት አይተው ነበር። «አስብበት» አሉኝ።

«ተዉት አባቴ» አልሁ። «ዝናብ እስኪጥል አይናገሩ።»

«ዝናቡ ከዳግማ ትንሣኤ ካልቀደመስ?»

እጃቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

*

በዚያው ሳምንት፣ በማርያም ዕለት፣ ከዶቅማዋ አጠገብ ብቻችንን ቀረን። ዶቅማዋ ቀና ብላ ነበር፤ ያ ማዘንበሏ ጠፍቷል። አዲሱ ቅጠሏ ቀላ ብሏል።

«አባቴ አማከረህ አሉ» አለች፤ ዓይኗ ውኃው ላይ ነው።

«አማከሩኝ።»

«ምን አልህ?»

«ምንም።»

«አንተም እንደ እኔ ነሃ!» ሳቋ ቶሎ አለቀ። «አበልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ነገር ጨዋታ ነው?»

ከበላያችን አያ ዳኘው ዋንዛውን ያጠጣል። «ጠጣ፣ ጠጣ አንተ ሆዳም!» ሲለው ይሰማናል። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ዝናብ እስኪጥል ድረስ ጨዋታ አይደለም።»

«ከጣለ በኋላስ?»

«ከጣለ በኋላ የምናገረው ነገር አለኝ።»

«ለማን?»

«ለአባትሽ። ካንቺ ቀጥሎ።»

እጇ ቅሉ ላይ ቆመ። ከቅሉ አፍ ጠብታ ተንጠልጥላ ቀረች፤ ከዚያ ወደቀች። ጨዋታውን ያጫወትኋችሁ እኔው ነኝ፣ የታሰርሁበትም እኔው፤ አሁን ብናገር እነዚህ ሁሉ ይደርቃሉ ልላት ፈለግሁ። ግን ዳገቱን ዞር ብላ አየችው፤ ከታች እስከ ላይ፣ እያንዳንዱን ችግኝ ዓይኗ እንደነካው ሆኖ። መናገር አላስፈለገኝም።

«ዝናቡ ቀድሞ ይመጣል?» አለች።

«አላውቅም።»

«መምህር አይደለህ እንዴ?» አለች በቀስታ፤ ቅሏንም አንጠልጥላ ሄደች።

ፋሲካ ሆነ። ሰማዩ ሰማያዊ እንደሆነ ዋለ፤ አደረ። በሰከላ ተራሮች በኩል ከሰዓት ደመና ይቋጥራል፤ ይበተናል። እኔ በየጧቱ ወጥቼ ሰማይ አያለሁ፤ መንደርተኛውም «መምህሩ ውኃ መጠበቁን ትቶ ደመና መጠበቅ ያዘ» ይላል።

ዳግማ ትንሣኤ እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ እንደልማዱ ወደ ዳገቱ መጣ። በማግሥቱ የቡሬ ሽማግሌዎች ለመልስ ይመጣሉ፤ መንደሩ ያውቃል፤ የአያ ቸኮለ ግቢ ጠላ መጥመቁን ሁሉም አሽትቷል። እኔ ከዶቅማዋ አጠገብ ቆሜ ነበር። ነገ ከአያ ቸኮለ ጎን እንደ ወንድም እቀመጣለሁ፤ እሺ ሲሉ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልቻልሁም።

ዙፋን መጣች። እንደ ሌላው ጊዜ መጨረሻ አልመጣችም፤ ሰው ሁሉ እያለ ነው የመጣችው። የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳለች። ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ቅሏን ከሾላዋ አወረደች። ከምንጩ ቀዳች፤ ቅሉ ዐለቱን ሲፍቅ ከላይ ድረስ ተሰማ። ወጥታ ውኃውን ከዶቅማዋ ሥር ቀስ አድርጋ አንቆረቆረች፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠበቀች። ቅጠሏን በጣቷ ነካችና በአገውኛ አንድ ሁለት ቃል አለቻት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ታች ወረደች፤ እናኑ ወደተቀመጠችበት።

ቅሉን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«አደራ» አለቻት።

እናኑ ተደናግጣ ተቀበለች። «ለእኔ? ልጂቱን ለእኔ?»

ዙፋን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ዳገቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆመ። ቅሉን የሚያስረክብ አገር የሚለቅ ሰው ነው። «ወደ ቡሬ ልትሄድ ነዋ» አለ አያ ዳኘው በሹክሹክታ። «መልሱን ከአባቷ ቀድማ ሰጠች» አለ ሌላው። እኔ እግሬ ሥር ያለውን እርጥብ ሣር አየሁ።

በዚያው መንገድ ተመልሳ መጣች። ከእኔ ፊት ስትደርስ ቆመች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ አፏ ዳር ግን ያ ከጭጋጉ ውስጥ የሰማሁት ቀልድ ነበረበት።

«ደኅና ዋል፣ የሽዋስ» አለች።

ከሐምሌ ወዲህ «አበልጄ» እንጂ ስሜን ጠርታ አታውቅም ነበር።

«ምነው አንች? ምን ሆንሽ? ኸዬት ልትሄጅ ነው?» አሉ እማማ ንግሥቴ ከላይ።

ዙፋን ነጠላዋን አስተካክላ ዳገቱን ወረደች። እማማ ንግሥቴ በእናኑ እጅ ያለውን ቅል አዩ፤ የምትሄደውን ልጅ ጀርባ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «አበልጅነት ከቅሉ ጋር…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ዙፋን በሾላዋ ሥር አለፈች፤ ምንጩን ተሻገረች። ወደ አባቷ ቤት በሚወስደው ቀጭን መንገድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳትል ሄደች።